የእናት ደብዳቤና የልጅ ፊርማ፦ የቫሲሊ ግሮስማን ሕይወት፣ «ሕይወትና ዕጣ ፈንታ» ለመድረክ ከበቃበት መንገድ አንጻር

መግቢያ

ረጅም ታሪካዊ ልቦለድን ወደ ተውኔት መመለስ ከሁሉ አስቀድሞ የመተው ሥራ ነው። ልቦለዱ በመቶ በሚቆጠሩ ገጾች የዘረጋውን ዓለም ተውኔቱ በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል፤ ልቦለዱ በተራኪ ድምፅ ያብራራውን ተውኔቱ በተዋናይ አካልና ንግግር ያሳየዋል። ስለዚህ ማንኛውም አዘጋጅ ከሥራው መጀመሪያ ላይ ምን መጣል፣ ምን መያዝ እንዳለበት ለመወሰን ይገደዳል። ውሳኔው የዘዴ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የልቦለዱ እምብርት የት እንደሆነ የሚሰጥ ፍርድም ነው።

የሶቭየት ኅብረቱ ደራሲ ቫሲሊ ግሮስማን በሩሲያኛ የጻፈው «ሕይወትና ዕጣ ፈንታ» ይህን ችግር ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ልቦለዱ ከ800 ገጽ በላይ፣ ከ150 የሚበልጡ ገጸ ባሕርያትም አሉት። ታሪኩ ከስታሊንግራድ ምሽጎች ወደ ሞስኮ ቤተ ሙከራ፣ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ ወደ ሳይቤሪያ የእስረኞች ካምፕ ይመላለሳል፤ የሁለት አምባገነን ሥርዓቶችንም ተመሳሳይ ገጽታ ጎን ለጎን ያሳያል። ይሁን እንጂ ልቦለዱን ወደ መድረክ ካመጡት አዘጋጆች መካከል ሁለቱ፣ ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው ፍሬድሪክ ዋይዝማንና ሩሲያዊው ሌቭ ዶዲን፣ እጅግ የተለያየ መንገድ ቢከተሉም ከአንድ ስፍራ ተገናኝተዋል፤ ይኸውም አንዲት እናት ከመገደሏ በፊት ለልጇ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ነው። ይህ አጭር ጥናት ምርጫው ለምን ከልቦለዱ ባሕርይ ጋር እንደሚስማማ የደራሲውን ሕይወት በመከተል ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበርዲቼቭ እስከ ደራስያን ማኅበር

ግሮስማን በዲሴምበር 12፣ 1905 በዩክሬን በምትገኘው በርዲቼቭ ከተማ ከተማሩ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ። ሲወለድ የወጣለት ስም ዮሲፍ ሲሆን ቫሲሊ ከቤት መጠሪያው የመጣ ነው። አባቱ ሴምዮን የኬሚስትሪ መሐንዲስ፣ እናቱ የካቴሪና ደግሞ የፈረንሳይኛ መምህርት ነበሩ። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ በመለያየታቸው ያደገው በአብዛኛው ከእናቱ ጋር ነው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ሁለቱ ለተወሰነ ጊዜ በጄኔቭ ኖረዋል። ከእናቱ የወረሰው የፈረንሳይኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፍቅር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

በ1929 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቀና በዶንባስ የከሰል ማዕድን አካባቢ ተቀጠረ። የቤተ ሙከራ ሕይወት ግን ከሥነ ጽሑፍ አላራቀውም። በ1934 «በበርዲቼቭ ከተማ» የተሰኘው አጭር ልቦለዱ ታትሞ የዘመኑን ታላላቅ ጸሐፍት ቀልብ ሳበ፤ ከእነዚህም አንዱ ማክሲም ጎርኪ ነበር። ታሪኩ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት በአንድ ድሃ አይሁዳዊ ቤተሰብ ቤት የወለደችን የቀይ ጦር ሴት ኮሚሳር ይመለከታል። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ይህ ታሪክ «ኮሚሳሯ» በሚል ርእስ ፊልም ሆኖ ቢሠራም ለሃያ ዓመታት ያህል እንዳይታይ ታግዷል። የግሮስማን ሥራዎች ከመጽሐፍ ወደ ሌላ ኪነ ጥበባዊ ቅርጽ ሲሸጋገሩ ከገጠማቸው ፈተና ይህ አንዱ ነው።

ግሮስማን በ1930ዎቹ የሥርዓቱ ተቃዋሚ አልነበረም። የደራስያን ማኅበር አባል ሆኗል፤ መጻሕፍቱ ታትመዋል፤ ስለ አንድ አብዮተኛ ወጣት የጻፈው «ስቴፓን ኮልቹጊን» ሰፊ ተነባቢነት አግኝቷል። በኋላ በልቦለዱ የሚተቸውን ዓለም የሚያውቀው ከውስጥ ሆኖ ነው። ሥርዓቱ የሰጠውን ቤትና ደመወዝ፣ ክብርና አንባቢ ተቀብሎ የኖረ ሰው ነበር፤ ይህም ኋላ ለገጸ ባሕርያቱ ውድቀት ባሳየው ርኅራኄ ላይ አሻራውን አሳርፏል።

የ1938 ፈተና

ሽብሩ ወደ ቤቱ የመጣው በ1938 ነው። ሁለተኛ ሚስቱ ኦልጋ ቀደም ሲል የደራሲው ቦሪስ ጉበር ባለቤት ነበረች። ጉበር በ1937 ተይዞ ሲገደል፣ ከእርሱ ተፋታ ግሮስማንን ያገባችው ኦልጋ የሕዝብ ጠላት ሚስት ተብላ በቀጣዩ ዓመት ታሰረች። ግሮስማን በዚያ ጊዜ ሁለት ነገሮችን አደረገ። የኦልጋን ሁለት ወንዶች ልጆች ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ከመወሰዳቸው በፊት በራሱ ኃላፊነት ሥር አስመዘገበ፤ ቀጥሎም ለምስጢር ፖሊሱ ኃላፊ ለኒኮላይ የዦቭ በቀጥታ ደብዳቤ ጽፎ፣ ኦልጋ የእርሱ ሚስት እንጂ የጉበር ሚስት አለመሆኗን አስረዳ። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ነበር። ኦልጋ ግን ተፈታች።

ይህ ክስተት ግሮስማን ሊደፍር የሚችል ሰው እንደነበረ ያሳያል። በሌላ ወቅት አለመድፈሩ ወይም መዘግየቱ ያስከተለበት ጸጸት የከበደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አልችልም ብሎ ራሱን ለማጽናናት ሕይወቱ መንገድ አልተወለትም።

ጦርነቱና ያልደረሰው ደብዳቤ

ጀርመን በጁን 22፣ 1941 ሶቭየት ኅብረትን ስትወር የካቴሪና በበርዲቼቭ ነበረች። እናቱን ወደ ሞስኮ የማምጣት ሐሳብ በቤቱ ተነሥቶ ነበር፤ የመኖሪያው ጥበት እየተነሣ ውሳኔው ሳይጨበጥ ቀናት አለፉ። በጁላይ መጀመሪያ የጀርመን ጦር በርዲቼቭን ያዘ። በሴፕቴምበር 15፣ 1941 የካቴሪና በሺዎች ከሚቆጠሩ የከተማዋ አይሁዳውያን ጋር ከከተማው ውጭ በጥይት ተገደለች። ልጅየው የዕጣዋን እርግጠኛ ዝርዝር የሰማው ከተማይቱ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1944 መጀመሪያ ወደዚያ ሲመለስ ነው። የስንብት ደብዳቤ አልደረሰውም።

በእነዚያ ዓመታት ግሮስማን የጦር ኃይሉ ጋዜጣ የ«ክራስናያ ዝቬዝዳ» ዘጋቢ ሆኖ ከ1,000 ቀናት በላይ በግንባር አሳልፏል። በስታሊንግራድ በፍርስራሽ መካከል ከተራ ወታደሮች ጋር ኖረ፤ ከዚያም ከጦሩ ጋር ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በ1944 ትሬብሊንካ ደርሶ ከሞት የተረፉ እስረኞችንና የአካባቢውን ነዋሪዎች ጠየቀ፤ ያዘጋጀው ጽሑፍ ስለ ናዚ የግድያ ካምፖች ከታተሙት ቀዳሚ ዘገባዎች አንዱ ሲሆን፣ በኑረምበርግ የፍርድ ሂደትም ለማስረጃነት ውሏል። ከኢልያ ኤረንቡርግ ጋር ሆኖ በሶቭየት ምድር ስለተፈጸመው የአይሁድ ጭፍጨፋ ምስክርነት የሰበሰበበት «ጥቁሩ መጽሐፍ» ግን አልወጣም። መንግሥት በ1948 የተለቀሙትን የማተሚያ ፊደላት አፍርሶ ሥራውን አስቆመ። ግሮስማን የእናቱን ሞት የሚያስታውስ ይፋዊ ቃል እንኳ በገዛ አገሩ የተከለከለ መሆኑን የተረዳው በዚህ ነው።

በ1950፣ ከዚያም በ1961 ለሞተችው እናቱ ሁለት ደብዳቤዎች ጻፈ። ደብዳቤዎቹ ከእርሱ ኅልፈት በኋላ ከወረቀቶቹ መካከል ተገኙ። በእነርሱም ውስጥ ስለ መጨረሻ ሰዓቷ ያለማቋረጥ እንደሚያስብ ይነግራታል፤ ለእርሷ መታሰቢያ ባደረገው መጽሐፍ ውስጥም እርሱ ከሞተ በኋላ እንደምትኖር ይገልጽላታል። በ«ሕይወትና ዕጣ ፈንታ» አንደኛ ክፍል የሚገኘው፣ አና ሽትሩም የተባለች የዐይን ሐኪም ከጌቶ ለልጇ ለፊዚክስ ሊቁ ለቪክቶር የምትጽፈው ረጅም ደብዳቤ የተወለደው ከዚህ ነው። ደራሲው ያልደረሰውን ደብዳቤ ራሱ በእናቱ ድምፅ ጻፈው።

ተውኔቱ፣ ልቦለዱና ፊርማው

ግሮስማን ከተውኔት ጋር የነበረው የግል ግንኙነት ያማረ አልነበረም። ከጦርነቱ በፊት የጻፈው «ፓይታጎራውያንን ካመንን» የተሰኘ ተውኔት በ1946 በ«ዝናምያ» መጽሔት ታተመ። ታሪክ ዞሮ ይደገማል የሚለውን ጥንታዊ አስተሳሰብ ማንሣቱ ብቻ በቂ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረ፤ «ፕራቭዳ» ተውኔቱን ጎጂ ሲል ፈረጀው። ታሪክ ወደ አንድ የተወሰነ ግብ እንደሚራመድ በሚያስተምር ሥርዓት ውስጥ ስለ ድግግሞሽ ማሰብ ራሱ ጥርጣሬ ያስከትል ነበር። ኋላ ሥራው በዓለም መድረኮች የሚታይለት ደራሲ በገዛ ዘመኑ በተውኔት ጸሐፊነት የተቀበለው ይህን ነበር።

የስታሊንግራድን ታሪክ የሚተርከውን የመጀመሪያ ልቦለድ በ1949 ለ«ኖቪ ሚር» መጽሔት አስረከበ። ከብዙ የአርትዖት ዙሮችና ከተደጋጋሚ የለውጥ ጥያቄዎች በኋላ በ1952 «ለእውነተኛው ዓላማ» ተብሎ ታተመ። በጃንዋሪ 1953 በአብዛኛው አይሁዳውያን የሆኑ ሐኪሞች የመንግሥት መሪዎችን ለመግደል አሢረዋል የሚል ክስ ታወጀ። በእነዚያ ቀናት ታዋቂ አይሁዳውያን ተከሳሾቹ እንዲቀጡ የሚጠይቅ ደብዳቤ እንዲፈርሙ ተጠሩ፤ ግሮስማንም ፈረመ። ወዳጁ ባለቅኔው ሴምዮን ሊፕኪን እንደተረከው፣ ጥቂቶች ቢሠዉ ብዙኃኑ ይተርፋሉ የሚል ተስፋ ነበረው። ፊርማው ከለላ አልሆነውም፤ በፌብሯሪ «ፕራቭዳ» ልቦለዱን የሚያወግዝ ጽሑፍ አወጣ። ከከፋው ዕጣ ያዳነው በማርች 5 የስታሊን መሞት ነው። የፈረመው ደብዳቤም በይፋ ሳይታተም ቀረ፤ ፊርማው ግን ከኅሊናው አልጠፋም።

በ«ሕይወትና ዕጣ ፈንታ» ቪክቶር ሽትሩም ተመሳሳይ ፈተና ይገጥመዋል። በሳይንሳዊ ሥራው ሰበብ በስብሰባ ሲወገዝ ጥፋተኛ ነኝ አልልም ብሎ ይጸናል፤ ሥራውንና ጓደኞቹን አጥቶ እስራት ሲጠብቅ ስታሊን ራሱ ስልክ ደውሎ መልካም ይመኝለታል። በአንድ ጊዜ ሁሉ ነገር ይመለስለታል። ከዚያ በኋላ ንጹሓንን የሚያወግዝ ደብዳቤ በፈገግታና በአክብሮት ይቀርብለታል፤ በመከራ ያልተበገረው ሰው በምቾቱ ጊዜ ይፈርማል። ከኀፍረቱ ጋር ሲቀመጥ የሚያስባት እናቱን ነው። ደብዳቤውና ፊርማው፣ የደራሲው ሁለት ጸጸቶች፣ በዚህ ስፍራ ይገናኛሉ።

የታሰረው መጽሐፍ

ግሮስማን ልቦለዱን በ1960 ለ«ዝናምያ» መጽሔት ሰጠ። መጽሔቱ ጸረ ሶቭየት ነው ብሎ ውድቅ አደረገው። በፌብሯሪ 14፣ 1961 የኬጂቢ ሹማምንት ወደ ቤቱ መጥተው ቅጂዎቹን፣ ረቂቆቹንና የካርቦን ወረቀቶቹን ሳይቀር ወሰዱ። ደራሲው አልታሰረም፤ የታሰረው መጽሐፉ ነበር። በ1962 ለኒኪታ ክሩሽቼቭ ደብዳቤ ጽፎ ለመጽሐፉ ነጻነት ጠየቀ። በዚያው ዓመት ጁላይ የፓርቲው የርእዮተ ዓለም ኃላፊ ሚኻይል ሱስሎቭ ቢሮው ተቀብሎ አነጋገረው። መጽሐፉን ግን አልመለሰለትም፤ በወዳጆቹ ምስክርነት መሠረትም ልቦለዱ ለሁለትና ለሦስት መቶ ዓመታት እንደማይታተም ነገረው።

ግሮስማን ሴፕቴምበር 14፣ 1964 በካንሰር ሕመም ሞስኮ ውስጥ ዐረፈ፤ ማግሥቱ እናቱ የተገደለችበት 23ኛ ዓመት ነበር። መጽሐፉ ከሞት ተነሥቷል ብሎ ለማመን የሚያስችለው አንዳች ምልክት አላየም። ሆኖም ሁለት ቅጂዎች በወዳጆቹ እጅ ተሰውረው ቆይተዋል። ከሊፕኪን ዘንድ የነበረው ቅጂ ኋላ በማይክሮፊልም ተነሣ፤ በዚህ ሥራ የፊዚክስ ሊቁ አንድሬይ ሳኻሮቭና ደራሲው ቭላዲሚር ቮይኖቪች ተሳትፈዋል። ልቦለዱ በ1980 በስዊዘርላንድ፣ በ1988 ደግሞ በሶቭየት ኅብረት በ«ኦክትያብር» መጽሔት ታተመ። በፖሊስ የተወሰዱት ቅጂዎች ከመዝገብ ቤት ወጥተው ለባህል ሚኒስቴር የተሰጡት በ2013 ነው።

ልቦለዱ በመድረክ

ልቦለዱን ለመድረክ የማብቃት ጥረት ሁለት ተቃራኒ መንገዶችን አሳይቷል። የመጀመሪያው ማጥበብ ነው። የዘጋቢ ፊልም ሠሪው ፍሬድሪክ ዋይዝማን በ2000 በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ያዘጋጀው ተውኔት ከመላው ልቦለድ የእናቲቱን ደብዳቤ ብቻ ወሰደ። ተዋናይት ካትሪን ሳሚ ብቻዋን መድረኩን ይዛ ደብዳቤውን በመነባንብ መልክ ታቀርበዋለች፤ ሥራው በ2002 ፊልም ሆኗል። የዚህ መንገድ ጥንካሬ ግልጽ ነው፤ ደብዳቤው በተፈጥሮው ለአንድ አድማጭ የተነገረ ንግግር በመሆኑ ተራኪ ሳያስፈልገው በመድረክ ይቆማል። ጉድለቱም ግልጽ ነው። ደብዳቤው ብቻውን ሲቀርብ ተመልካች የናዚን ወንጀል ያያል፤ ግሮስማን ከጎኑ ያቆመውን ሁለተኛውን አምባገነንነትና በዚያ ሥር የልጁን መውደቅ አያይም።

ሁለተኛው መንገድ ማጣመር ነው። ከዚህ ቀደም የፊዮዶር አብራሞቭን የገጠር ልቦለዶች በ1985 «ወንድሞችና እኅቶች» ብሎ ለመድረክ ያበቃው ሌቭ ዶዲን፣ «ሕይወትና ዕጣ ፈንታ»ን በ2007 በሴንት ፒተርስበርግ ማሊ ድራማ ቴአትር አቅርቧል። ዝግጅቱ ከተማሪዎቹ ጋር ለዓመታት የተካሄደ ሲሆን፣ ተዋንያኑ የናዚ ካምፕ የነበረውን አውሽቪትስንና የሶቭየት የእስረኞች ካምፖች የነበሩበትን ኖሪልስክን በአካል ጎብኝተዋል። የተውኔቱ ርዝመት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ዶዲን የመረጠው የሽትሩምን ቤተሰብ ታሪክ ማዕከል አድርጎ ሁለቱን ካምፖች ዙሪያውን ማዋቀር ነው። መድረኩን የሚከፍለው የመረብ ኳስ መረብ በአንድ ትዕይንት የመጫወቻ ሜዳ፣ በሌላው የካምፕ አጥር ይሆናል። የሞስኮው መኖሪያ፣ የሶቭየቱ ካምፕና የናዚው ካምፕ ያንኑ መድረክ ይጋራሉ። በልቦለዱ አንባቢ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እያለፈ በሐሳቡ የሚያነጻጽራቸው ስፍራዎች በተውኔቱ በተመልካቹ ዐይን ፊት ይደራረባሉ። ተራኪው በትንታኔ የሚያስረዳውን የሁለቱን ሥርዓቶች ዝምድና መድረኩ ያለ ማብራሪያ ያሳየዋል።

የእናቲቱ ደብዳቤ በዶዲን ዝግጅት በአንድ ጊዜ አይነበብም። ተከፋፍሎ በተውኔቱ ውስጥ ይበተናል፤ የሞተችው አና በሕያዋን መካከል እየተመላለሰች ክፍል በክፍል ትናገረዋለች። በዚህ ስልት ደብዳቤው ከአንድ ምዕራፍነት ወደ አጠቃላይ መለኪያነት ያድጋል። ቪክቶር ሲደፍርም ሲፈራም፣ በስልኩ ጥሪ ሲደሰትም፣ እናቱ በዚያው መድረክ ላይ አለች። ወደ መጨረሻ ሲፈርም ተመልካች ፊርማውን የሚመዝነው በፖለቲካ ሚዛን ብቻ አይደለም፤ እርሷ ከነበረችበት ስፍራ ሆኖ ያየዋል። ግሮስማን ለሞተችው እናቱ ደብዳቤ እየጻፈ የኖረውን ሕይወት ተውኔቱ ወደ መድረካዊ ቅርጽ ለውጦታል ማለት ይቻላል።

ምርጫው ዋጋ አስከፍሏል። በልቦለዱ ሰፊ ስፍራ ያለው የስታሊንግራድ ውጊያ፣ በተለይም በተከበበ አንድ ሕንጻ ውስጥ ያሉ ወታደሮች ሞት ደጃቸው ሳለ በነጻነት የሚነጋገሩባቸው ምዕራፎች፣ በመድረኩ የመሐል ስፍራ አልያዙም። ግሮስማን ለነጻነት ያለው ተስፋ ከሁሉ በላይ የሚታየው በዚያ ስለሆነ፣ ተውኔቱ ከልቦለዱ ይልቅ የጠቆረ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ክርክሩ ተገቢ ቢሆንም፣ ውጊያውን በሙሉ ለማሳየት የሚሞክር ዝግጅት ደግሞ የልቦለዱን ስፋት እየተከተለ ጥልቀቱን ሊያጣ ይችል ነበር።

መደምደሚያ

የግሮስማን ሕይወት ስለ ማላመድ ጥናት አንድ ነጥብ ያስጨብጣል። ለረጅም ታሪካዊ ልቦለድ ታማኝ መሆን በተቀነጨቡት ምዕራፎች ብዛት አይለካም። የሥራው ሰፊ ታሪክ የቆመበትን የሞራል ጥያቄ ለይቶ መያዝን ይጠይቃል። በ«ሕይወትና ዕጣ ፈንታ» ያ ጥያቄ ፍጹም አምባገነናዊ ሥርዓት በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ሥር የኖረ ደህና ሰው በገዛ እጁ ምን እንደሚያደርግ ነው። ግሮስማን መልሱን ከሌሎች ሕይወት አልተዋሰም። ሚስቱን ለማዳን ደፍሯል፤ እናቱን ለማምጣት ዘግይቷል፤ ሊፈርም የማይገባውን ፈርሟል፤ ከዚያም ሁሉንም በራሱ ላይ ምስክር አድርጎ ጽፏል። ዶዲን ደብዳቤውንና ፊርማውን የተውኔቱ ሁለት ምሰሶዎች ሲያደርግ ከመቶ በሚበልጡት ገጸ ባሕርያት መካከል የመረጠው ደራሲው ራሱ የከፈለበትን ታሪክ ነው። ሌሎችን ሰፋፊ ታሪካዊ ልቦለዶች ወደ መድረክ ለማምጣት የሚነሣ ባለሙያም፣ ገጾቹን መቁጠር ከመጀመሩ በፊት የደራሲው ዕዳ የት እንዳለ ቢመረምር ይጠቀማል።